አንዷን ቃል ብቻ ከአኒሜሽኑ ውጭ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። አፍተር ኢፌክትስ (የቪዲዮ አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ አንድ ነገር አላላውስ ብሎኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ።

ጽሑፉ የሚቀያየር ርዕስ እየሠራሁ ነው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከታች ብቅ እንዲሉ ቴክስት አኒሜተር (ፊደሎችን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ጨምሬ ፖዚሽኑን (ቦታቸውን) ዝቅ፣ ኦፓሲቲውን (መታየታቸውን) 0 አደረግኩ። የሬንጅ ሴሌክተሩ (አኒሜተሩ የትኞቹን ፊደሎች እንደሚነካ የሚወስነው ክልል) ስታርት (መነሻው) ላይ ከ0 ወደ 100 ፐርሰንት ኪፍሬም (ዋጋው በጊዜ እንዲቀየር የሚያደርግ ምልክት) አለ። እስከዚህ አሪፍ ነው።

ችግሩ ዋናዋ ቃል ናት። እሷ ከመጀመሪያው ቆማ እንድትጠብቅ፣ ሌሎቹ ዙሪያዋን እንዲሞሉ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ሴሌክተር ጨምሬ ሞዱን ሰብትራክት (ከምርጫው ቀንስ) ሳደርገው ሠራ። ግን ጽሑፉ በተቀየረ ቁጥር ክልሉ ይንሸራተትና የቃሏን ግማሽ ትቶ የጎረቤቷን ፊደሎች ይይዛል። አድቫንስድ ውስጥ ገብቼ ዩኒቱን ወደ ኢንዴክስ (ከፐርሰንት ይልቅ በተራ ቁጥር)፣ ቤዝድ ኦኑን ወደ ወርድስ (በቃል) ቀየርኩት። ይሄ በጣም ይሻላል፤ ቃሏ ሦስተኛ ከሆነች ስታርት 2፣ ኤንድ (መጨረሻው) 3 ይበቃል። ቦታዋ ሲቀየር ግን እንደገና በእጅ ማስተካከል ነው። ርዕሶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው።

ኤክስፕሬሽን ሴሌክተር (ምርጫውን በአጭር ኮድ፣ ማለትም በኤክስፕሬሽን የሚወስን ሴሌክተር) የሚያዋጣ ይመስለኛል። ቃሏን ራሱ ፈልጎ የሚለይ ኤክስፕሬሽን የጻፈ አለ? ወይስ ስታርትና ኤንድ ላይ ብጽፈው ይቀላል? በየትኛው እንደምጀምር ጠቁሙኝ።