ደም ማነሴ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ ይህን ወረቀት የሚያነብልኝ አለ?

ጥያቄ፦ ሚሚ ከገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሁን አሁን መሃል ላይ ሁለቴ ሳላርፍ አልደርስም። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ላይ ጥቁር ይልብኛል። አንድ የሚያሳፍር ነገርም ልንገራችሁ። ዝናብ የመታው አፈር ሲሸተኝ ምራቄ ይሞላል። እርጉዝ አይደለሁም፣ አስመርምሬያለሁ።

ክሊኒክ «ደም ማነስ ነው» ብለው የአይረን ክኒን ሰጡኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው። ስውጥ ይሻለኛል፣ ስተወው ይመለሳል። ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ ሄሞግሎቢን 8.7፣ ኤምሲቪ 67፣ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት ደህና። ጎረቤቶቼ የቀይ ስር ጭማቂ ጠጪ ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ግፊትሽ ነው የወረደው፣ ጨው ላስ አድርጊ» ይላል። ክኒኑም ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የላብራቶሪው ልጅ

መጀመሪያ ጨውን ተይው። ግፊትና ደም ማነስ ለየቅል ናቸው። ደም ማነስ ሲባል ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አነሰ ማለት ነው። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለእርጉዝ ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 8.7 ወረቀቱ ላይ ከሚመስለው ትንሽ ይብሳል።

አሁን ወደ ኤምሲቪ። ይህ የቀይ የደም ሴሎችሽ ትልቅነት ነው፣ ብዛታቸው አይደለም። ከ80 እስከ 100 ደህና ነው። ያንቺ 67፣ በጣም ጥቃቅን ሆነዋል። ሴሎቹ ሲያንሱ ቀድሞ የሚጠረጠረው የአይረን እጥረት ነው። ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ ችግርና የቆየ በሽታም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ። የአፈሩ አምሮት ግን ወደ አይረን ይጠቁማል፤ አያሳፍርም፣ ለሐኪም ንገሪው።

ፌሪቲን አሠሪ። የተጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው እሱ ነው። ከ15 በታች ከወጣ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ይዞሽ እያለ ግን አትሠሪ፤ ያኔ ፌሪቲን ከፍ ይልና ደህና የሆንሽ ያስመስላል።

መልስ፦ ሲስተር ጡረተኛዋ

ሚሚዬ፣ «ደም ማነስ» የበሽታሽ ስም አይደለም፤ የሆነ ነገር ምልክት ነው። ሦስት ጊዜ ክኒን ሰጥተውሽ አንድም ጊዜ «ከየት መጣ?» አለማለታቸው አናደደኝ። አይረን ወይ በምግብ አልገባም፣ ወይ ገብቶ አልተመጠጠም፣ ወይ በደም እየወጣ ነው። የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል? የረጋ ደም አለው? ሞዴስ በስንት ሰዓት ትቀይሪያለሽ? ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም በየሰዓቱ በየሁለት ሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ ብዙ ነው። ለራስ ምታት እያልሽ ዲክሎፌናክ ትውጫለሽ? ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ሰገራሽ ጠቁሮ ያውቃል?

ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ወባ ወይም መንጠቆ ትል ነበር። ትሉ በባዶ እግር ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራም አይቅር። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት አይረን ካነሳቸው ደግሞ ጨጓራና አንጀት ሳይታይ ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ትክክል አይደለም።

ክኒኑ ካቃጠለሽ ሐኪምሽን ጠይቂና አንዱን ቀን እያለፍሽ ውሰጂ፤ ሰውነት እንዲያውም እንዲህ ሲሆን በደንብ ይቀበለዋል። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ይሁን። ክኒኑ ሰገራሽን ቢያጠቁረው አትደንግጪ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ አንቺ የምታቋርጪው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከልጆቹ አርቀሽ አስቀምጪው፣ ለሕፃን መርዝ ነው። ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ሂጂ።

መልስ፦ አቦል በረካ

ቡናንም ልትከለክሉን ነው? እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፣ አይረን ሞልቶናል!

መልስ፦ የላብራቶሪው ልጅ

ወንድሜ፣ ጤፍ ላይ ከሚገኘው አይረን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። የቀረውንም ሰውነት ሙሉ በሙሉ አይመጥጠውም። እርሾው ትንሽ ያግዛል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን መመጠጡን ይቀንሰዋል። አቦሉን አንድ ሁለት ሰዓት ብታዘገየው በረካውም አያመልጥህም። ቀይ ስርም ቀለሙ ነው እንጂ አይረኑ ይህን ያህል አይደለም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ለሌሎች አንባቢዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። እናቴ ወራት ሙሉ አይረን ዋጠች፣ ምንም ለውጥ የለም። ኤምሲቪዋ 112 ነበር፣ ማንም አላየውም። እግሯን ሲደነዝዛትና ሲነዝራት «እርጅና ነው» አልን። ቫይታሚን ቢ12 ነበር ያጠራት። የስኳር ሕመምተኛ ነች፣ ሜትፎርሚን ለዓመታት ወስዳለች። ሥጋና ወተትም ከተወች ቆይታለች። በመርፌ ተስተካከለ፤ ድንዛዜው ግን ሙሉ ለሙሉ አልለቀቃትም። ፎሊክ አሲድ ብቻ መዋጥ ደሙን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት እንደሚሸፍን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ሚሚ ከገርጂ

ተመለስኩ። ፌሪቲን 5 ወጣ። ሰገራ ላይ ምንም የለም። ሲስተር፣ የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ነው፣ የረጋም አለው። እናቴም እህቴም እንደዚሁ ናቸው፤ «የቤታችን ነው» ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሐሙስ የማህፀን አልትራሳውንድ ታዞልኛል። ቡናውንም ወደ አሥር ሰዓት አዛውሬዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ አኩርፈዋል። እህቴም ትመርመር?

መልስ፦ ሲስተር ጡረተኛዋ

ትመርመር። ሄሞግሎቢኗ ደህና ቢሆን እንኳ ፌሪቲኗን ታሠራ። «የቤታችን ነው» ያልሽውንም ሐሙስ ለሐኪሙ ሳትረሺ ንገሪ፤ በዘር የሚሄድ የደም አለመርጋት ችግር አለ፣ አልትራሳውንድ አያሳየውም።