ጥቆማ፦ ቴክሳስ ውስጥ የሱስ ካውንስለር ላይሰንስ ለማውጣት የቱ መንገድ ይሻላል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «አገር ቤት በሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ። ዳላስ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። የሱስ ካውንስለር መሆን እፈልጋለሁ። አንድ የኦንላይን ማሠልጠኛ 270 ሰዓት ከጨረስሽ ላይሰንስ ታገኛለሽ ብሎኛል። ልክፈል ወይስ ኮሌጅ ልግባ?»

ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለሚመጣ እዚሁ በሰፊው ልመልሰው።

እህቴ፣ ለጊዜው ገንዘብሽን ያዢው። 270 ሰዓት መማር ብቻውን ላይሰንስ አያሰጥም። እዚህ ላይሰንሱ ኤልሲዲሲ ነው የሚባለው። የሚሰጠውም የስቴቱ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች ኮሚሽን ነው። በመደበኛው መንገድ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ እሱም ከሰው ባሕርይና ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ከዚያ 270 ሰዓት ትምህርት አለ፤ 135ቱ በቀጥታ ስለ ሱስና ስለ ሕክምናው ነው። 300 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይከተላል። ከዚያ 4,000 ሰዓት በሱፐርቫይዘር ሥር ይሠራል። የጣት አሻራ ተሰጥቶ የወንጀል ታሪክ ይጣራል። ፈተናም አለ። ማስታወቂያው የነገረሽ ከስድስቱ አንዱን ብቻ ነው።

አሁን ላንቺ ዋናው ነገር ይኸውልሽ። በሳይኮሎጂ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በሱስ ምክር ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው 270ውና 300ው ሰዓት እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። በካውንስሊንግ ወይም በሶሻል ወርክ ማስተርስ ያለው ደግሞ 4,000ው ሰዓትም ሊቀርለት ይችላል። ስለዚህ ያንን ትምህርት አገር ቤት ተምረሽው መጥተሽ ሊሆን ይችላል።

ይህን በጊዜው የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ሶሲዮሎጂ ተምሬ ነው የመጣሁት። ለአንድ ማሠልጠኛ ሙሉ ክፍያውን ከፈልኩ። የልምምድ ቦታ እኛው እናገኛለን ብለው ነበር። ስምንት ወር ጠብቄ በመጨረሻ ቦታውን ራሴ በር እያንኳኳሁ አገኘሁት። በኋላ ዲግሪዬ ሲታይ ትምህርቱም ልምምዱም አያስፈልግም ነበር ተባልኩ። በዚያ ገንዘብ ቤተሰብ ይረዳ ነበር። አንቺ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ዲግሪ የት ይገምገም?

የውጭ ዲግሪ እዚህ ካለው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚመዝኑ ድርጅቶች አሉ። ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው ደብሊው ኢ ኤስን ነው። ሚልዋኪ ያለው ኢ ሲ ኢም የቆየና የታወቀ ነው። እዚሁ ቴክሳስ ሂውስተን ውስጥ የተመሠረተው ስፓንትራንም አለ። ሦስቱም የሚታወቁት ናሴስ በሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር ነው። ወደፊት ማስተርስ የመማር ሐሳብ ካለሽ ከሁለቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ያዢ እላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በደንብ ያውቋቸዋል። ግን ከመክፈልሽ በፊት ለኮሚሽኑ የላይሰንስ ክፍል ኢሜይል ጻፊ። «የእገሌን ግምገማ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያዢው። የስልክ መልስ ነገ ማስረጃ አይሆንሽም።

የግምገማው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዲግሪሽን ብቻ የሚያየው ይረክሳል። አንቺ ግን እያንዳንዱን ኮርስ የሚዘረዝረውን፣ ኮርስ ባይ ኮርስ የሚባለውን አሠሪ። ሰዓቱ ይቅርላት አይቅርላት ብሎ የሚወስነው ሰው ምን እንደተማርሽ ማየት አለበት።

ከባዱ ሥራ ያለው አገር ቤት ነው። ስቱደንት ኮፒ አይሠራም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ ለገምጋሚው መላክ አለበት። ኮስት ሼሪንግ ካልከፈልሽ ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን አይለቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ዝጊ። እዚያ ሆኖ የሚሯሯጥልሽ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። የስምሽን አጻጻፍም ተመልከቺ። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ስፔሊንግ ካለ አስቀድመሽ ለገምጋሚው አስረጂ። ዓመተ ምሕረቱንም እይ። 2006 ዓ.ም. የተመረቀን ሰው እዚህ ያለ ሠራተኛ በእነሱ 2006 የተመረቀ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የሚጀመረው ይህ ነው፤ ሌላው ይደርሳል።

ዲግሪ ለሌላችሁ፣ ወይም በሌላ ሙያ ለተመረቃችሁ

እኔ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የምለው። ዳላስ አካባቢ ላለ ሰው መስኪት ያለው የዳላስ ኮሌጅ ኢስትፊልድ ካምፓስ የሱስ ምክር ትምህርት ሲሰጥ የኖረ ነው። ሂውስተንና ኦስቲን ያላችሁ የየከተማችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሂውማን ሰርቪስስ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሦስት ክሬዲት ኮርስ 45 ሰዓት ነው። 270 ሰዓት ማለት ስድስት ኮርስ ነው። ኮሌጁ ሰዓቱንም የሁለት ዓመት ዲግሪውንም አንድ ላይ ይሰጣችኋል። የግል ማሠልጠኛው የሚሰጣችሁ ሰዓቱን ብቻ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የተማሪዎች እርዳታ ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ ማመልከት ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ቢሆንም እንኳ፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ዲግሪ እንደሌለው አድርጎ ሞልቶ ኋላ ችግር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

የግል ኦንላይን ማሠልጠኛ የሚጠቅመው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፦ ተቀባይነት ያለው ዲግሪ ኖሮት፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ለጎደለው። እሱም ቢሆን ስቴቱ እንደሚቀበለው አረጋግጦ ይክፈል።

4,000 ሰዓት የት ይሞላ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው በደመወዝ ነው። እኔ በሱፐርቫይዘር ምረጡ እላለሁ። ሙሉ ጊዜ ብትሠሪ 100 ሳምንት ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ከሆነ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ይህን ሁሉ ጊዜ የምትማሪው ከዚያ ሰው ነው። መጀመሪያ በስቴቱ እንደ ካውንስለር ኢንተርን ትመዘገቢያለሽ። ከመመዝገብሽ በፊት የሠራሽው ሰዓት ይቆጠርልኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ።

ሜታዶን ክሊኒክ፣ ማለትም ለሄሮይንና ለመሰል ሱስ መድኃኒት የሚሰጥበት ቦታ፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚከፈተው፤ ታካሚው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት መድኃኒቱን ይወስዳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነጻ ትሆኛለሽ። ልጆች ላሏትና ማታ ለምትማር ሴት ይመቻል። የታካሚው ቁጥር ግን ብዙ ነው፤ ወረቀቱም ያደክማል። ተኝተው የሚታከሙበት ቦታ ሌላ ነው። ሰውን ጠዋትም ማታም ታይዋለሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቀት፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ጥሎ መሄድ፣ ተመልሶ መምጣት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ግን «ቴክ» በሚል ስም ተቀጥሮ ክፍል መጠበቅና ሰው ማመላለስ በራሱ የካውንስለር ሰዓት አይሆንም። የሥራ መዘርዝሩን አንብቢ። እየተመላለሱ የሚታከሙበት ቦታ ቡድን መምራት ያስተምራል። ቋንቋ ገና ለሚያስፈራው ሰው ግን አሥር ሰው ፊት መቆም መጀመሪያ ላይ ይከብዳል።

ኢንተርቪው ላይ እነዚህን ጠይቂ። ሱፐርቫይዘሬ ማነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ያገኘኛል? ሰዓቴን ማን ይፈርምልኛል? ሥራ ብለቅ ወረቀቱን መቼ እቀበላለሁ? አንድ ጓደኛዬ 1,100 ሰዓት ሠርቶ ሱፐርቫይዘሩ ሥራ ለቀቀ። የተፈረመ ነገር አልነበረውም። ያንን ሰዓት ለማስመለስ ብዙ ለፍቷል፤ ያገኘው ግማሹን ነው። በየወሩ አስፈርሚ። ኮፒውን ቤትሽ አስቀምጪ።

ለፈተናው ምን ይገዛ?

ፈተናው አይሲ ኤንድ አርሲ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ኤዲሲ ነው። 150 የምርጫ ጥያቄ በሦስት ሰዓት ይሠራል። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው ሚዛን ነው የሚሰጠው፤ ማለፊያው 500 ነው። የወደቀ ሰው 90 ቀን ጠብቆ ነው የሚደግመው።

ከመግዛትሽ በፊት ነጻውን ጨርሺ። ሳምሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ታፕ 21 የሚባል ሰነድ አለው። አንድ የሱስ ካውንስለር ሊኖሩት የሚገቡ 123 ችሎታዎችን ይዘረዝራል። በነጻ ይወርዳል። ቲፕ 35 የተባለው ደግሞ ሰው ለመለወጥ ያለውን ፍላጎት እንዴት እንደምታነሳሺ ያስተምራል። እኔ ሁለቱን አትሜ፣ ጠርዙ ላይ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው ያነበብኳቸው። በራስሽ ቋንቋ ያስረዳሽው ነገር አይጠፋም።

የምትገዢው የልምምድ ጥያቄ ከሆነ አንድ መፈተሻ ልስጥሽ። «አብዩዝ»ንና (አላግባብ መጠቀምን) «ዲፔንደንስ»ን (ጥገኛ መሆንን) እንደ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ካስቀመጠ አሮጌ ነውና ተዪው። ከ2013 (በፈረንጆች) ጀምሮ ዲኤስኤም 5 የሚባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ አንድ አድርጓቸዋል። 11 መለኪያ አለ፤ ሁለት ወይም ሦስት የተገኘበት ቀላል፣ አራት ወይም አምስት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በስልክ የሚወርዱ ርካሽ አፖች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። የሐበሻ ተፈታኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ደግሞ ዕውቀት ስለሌለው አይደለም። ጥያቄው «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ» ሲል፣ እሱ «ከሁሉ የሚሻለው ምንድን ነው» ብሎ ያነበዋል። አራቱም መልስ ትክክል የሚመስልበት ጥያቄ ብዙ ነው። የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢ።

ከዚህ በኋላ ለመጡ ጥያቄዎች

«ሚኒያፖሊስ ነኝ። የዚህስ?» ሚኒሶታ ከበድ ይላል። ባችለር ዲግሪ፣ 18 ክሬዲት የሱስ ምክር ትምህርትና 880 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ላይሰንሱ ኤልኤዲሲ ይባላል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ሲኤስኤሲ የሚባለውን ሰርቲፊኬት ተመልከቱ፤ ባችለር ዲግሪ፣ 240 ሰዓት ትምህርትና 2,000 ሰዓት ሥራ ነው። ሜሪላንድ እንደ ዲግሪያችሁ መጠን ደረጃ አለው፤ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለውም መግቢያ ያገኛል። ካሊፎርኒያ ስቴቱ ራሱ ላይሰንስ አይሰጥም፤ ስቴቱ የፈቀደላቸው ድርጅቶች ናቸው ሰርቲፊኬት የሚሰጡት። ከስቴት ስቴት ለመዛወር ያሰበ ሰው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱንም ሕግ ያንብብ።

«የእኛ ሰው ለሐበሻ ካውንስለር ይናገራል ወይ? ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብሎ አይፈራም?» ይፈራል። አንድ ሰው በአማርኛ ሰላም ስለው ወዲያው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎኝ ያውቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለዚህ እሰጣለሁ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሱስ ታካሚን ምስጢር ለብቻው የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ፓርት 2 ይሉታል። እዚህ እየታከመ መሆኑን እንኳ ያለፈቃዱ ለሚስቱ መናገር አልችልም፤ ይህንንም በግልጽ እነግረዋለሁ። ውጭ ባገኘው መጀመሪያ እሱ ሰላም ካላለኝ እኔ እንደማላውቀው እንደማልፍም እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ትከሻው የሚወርደው። ጫትም ሆነ መጠጥ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። «ምርቃና» ወይም «ዱካክ» ሲለኝ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ይህን ሙያ ሐበሻ እንዲገባበት የምወተውተው ለዚህ ነው።

«እኔ ዕድሜዬ 58 ነው። ከመጠጥ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ረፍዷል?» ጋሼ፣ አልረፈደም። በሱስ ያለፈ ሰው ካውንስለር እንዳይሆን የሚከለክል ነገር የለም፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ አሉ። የቀድሞ ክስ ካለብዎት ሳይደብቁ ይጻፉት። ኮሌጁ ረዘመብኝ ካሉ ደግሞ ፒር ስፔሻሊስት የሚባል፣ ከሱስ የወጣ ሰው ሌላውን የሚደግፍበት ሥራ አለ። ሥልጠናው አጭር ነው፤ የሚጠየቀውም ያለፉበት ሕይወት ነው። እሱን እየሠሩ ኮሌጁን ቀስ ብለው መጀመር ይችላሉ።

ለመጀመሪያዋ እህቴ፦ ሰኞ አገር ቤት ላለ ሰው ደውዪና ኮስት ሼሪንግሽን አስጠይቂ። ለኮሚሽኑ የምትጽፊውን ኢሜይል መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።