ከአልበም ላይ የተጣበቁ የድሬዳዋ ፖስት ካርዶችን እንዴት ላላቅቅ?

ጤና ይስጥልኝ። የባቡር ሠራተኛ ከነበሩት አያቴ የተረፈን አንድ አልበም ነው። ውስጡ አሥራ አንድ ፖስት ካርዶች አሉ፤ አብዛኞቹ የድሬዳዋ ናቸው፦ ለገሃሩ፣ ዛፍ ያጠለለው የከዚራ መንገድ፣ የደቻቱ ደረቅ አሸዋ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «የ13 ወር ፀጋ» የሚል የቱሪዝም ማስታወቂያ አለ።

ችግሬ ሙጫው ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዘላለም እንዲቆዩ ፈልገው መሰለኝ በዱቄት ሙጫ ግጥም አድርገው ለጥፈዋቸዋል። አንዱን በቢላዋ ጫፍ ላነሳ ስሞክር ጀርባው ተላጠ፤ ከጽሑፉ የተረፈው «ውድ እህቴ፣ ትናንት ባቡሩ» የሚለው ብቻ ነው። ባቡሩ ምን እንደሆነ እንግዲህ አላውቅም! ከዚያ ወዲህ እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። በፈላ ውሃ እንፋሎት ይላቀቃል የሚሉኝ አሉ፤ ቀለሙን እንዳያፈሰው ፈራሁ።

ዘመናቸውንም መለየት አቅቶኛል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ አይቀድሙም። ጣሊያንኛ የተጻፈባቸው ሁለቱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የወረራ ዘመን ይመስሉኛል። ፈረንሳይኛ ያለባቸውን ግን በምን ልለያቸው? ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ካርድ ሳላበላሽ ድረሱልኝ።