አከራዬ «ወይ 14 ሺህ ክፈሉ፣ ወይ በወሩ መጨረሻ ልቀቁ» አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

ተከራይ ከጀሞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ከገባን ሦስት ዓመት አለፈን። እኔ፣ ባለቤቴና የአምስት ዓመት ልጃችን ነን። የኪራይ አዋጁ ከወጣ በኋላ፣ ሰኔ 2016 ላይ፣ ከአከራያችን ጋር ወረዳ ሄደን የሁለት ዓመት ውል አስመዘገብን። አንድም ወር ኪራይ አሳልፌ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋ ቡና ልጠጣ ብለው መጡ። አቦሉ ሳያልቅ ነገሩን አወጡት። ኑሮ ከብዷል፣ ከላያችን ያለው ቤት 15 ሺህ ገብቷል፣ እናንተም ከየካቲት ጀምሮ 14 ሺህ ክፈሉ አሉ። ካልቻላችሁ በወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ አሉ። አሁን የምንከፍለው 9 ሺህ ነው።

አንድ የማፍርበት ነገር ደግሞ አለ። ውሉ ላይ የተጻፈው 6 ሺህ ነው። ግብር ይበዛብኛል ብለው ለመኑን። እኛም ቤቱን እንዳናጣ ብለን ፈረምን። 6 ሺሁን በባንክ አስገባለሁ፣ 3 ሺሁን በእጃቸው እሰጣለሁ። አሁን «ወረዳ ብትሄዱ ውላችሁ የውሸት ስለሆነ እናንተም ትቀጣላችሁ» ይሉኛል።

ሲወጡ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትተው ሄዱ። «ለፎርማሊቲ ነው፣ ፈርሚበት፤ በሳምንቱ እወስደዋለሁ» ብለው። «ውሉን በስምምነት አፍርሰናል» ይላል። የቀኑ ቦታ ባዶ ነው።

ክፉ ሰው አይደሉም እኮ። ልጄ ሌሊት ትኩሳት ሲነሣበት መኪና ፈልገው ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።

የሰሚቷ፦

እህቴ፣ ያን ወረቀት እንዳትፈርሚ! ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። እኔ ፈርሜ ነው የተበላሁት። እኔም «ለፎርማሊቲ» ነበር የተባልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃዬ በረንዳ ላይ ነበር። አቤት ልል ስሄድ ወረቀቱን አሳዩኝ። «ፊርማሽ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ፊርማዬ ነው።

ፋይል አገላባጭ፦

የሰሚቷ ዋናውን ነገር ነክታዋለች። ለምን እንደሆነ ላብራራ። ፍርድ ቤት አካባቢ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ ግን አይደለሁም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የአንቺ ሰኔ 2016 ላይ ከተፈረመ እስከ ሰኔ 2018 ይዘልቃል። ከዚያ በፊት ውሉ የሚፈርሰው በጥቂት መንገዶች ነው። አንደኛው የሁለታችሁ ስምምነት ነው። አሁን ገባሽ? ሴትዮዋ አንቺን ለማስወጣት የያዙት ሌላ ምክንያት የለም። ያላቸው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱንም ገና አላገኙትም።

ሌላው መንገድ የተከራይ ጥፋት ነው። ቤቱን ማበላሸት፣ ከመኖሪያነት ውጭ ማዋል፣ ጎረቤት ማወክ፣ ኪራይ አለመክፈል። ኪራይ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። የመክፈያው ቀን ካለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ 15 ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ 7 ቀን ነው ያለሽ። እሱን ካሳለፍሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጡ ይችላሉ። ስለዚህ በንዴት «እንግዲህ አልከፍልም» የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱ የአከራዩ ሆኖ ሳለ ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ቤቱን ቢሸጡትስ? በሽያጭም ይሁን በውርስ ለሌላ ሰው ቢተላለፍ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል። «ልጄ ሊያገባ ነው»፣ «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው» የሚለውን ግን አዋጁ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። የአዲስ አበባ አከራይ ሁሉ ከአሜሪካ የሚመጣ ወንድም አለው።

ጭማሪውም በአከራዩ ፍላጎት አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚከታተለው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው። አንቺ የምትሄጂው ውሉን ወዳስመዘገባችሁበት ወረዳ ነው።

ተከራይ ከጀሞ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ግን የ6 ሺሁ ነገርስ? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ፋይል አገላባጭ፦

እሱ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ደግ አልሠራችሁም፣ ሁለታችሁም። የበለጠ የሚያስፈራው ግን እሳቸውን ነው። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ገቢ ያሳነሱትም እሳቸው። ወረዳ ሄዳችሁ ጉዳዩ ቢገለጥ መጀመሪያ የሚጠየቁት ማን ይመስልሻል? ያስፈራሩሽ በገዛ ራሳቸው ፍርሃት ነው።

ሌላም አስቢ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ የተደረገ ውል በተፈራረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት እንዲጣልበት ያደርጋል። ወረቀቱ ላይ ኪራይሽ 6 ሺህ ነው። በየወሩ ባንክ ያስገባሽውም 6 ሺህ ነው። ነገ ተነስተው «አልከፈለችኝም» ቢሉ የባንክ ደረሰኝሽ ይመልስላቸዋል። በእጃቸው የሰጠሻቸው 3 ሺህ ግን የትም አልተጻፈም። ከፍዬ ነበር ብትዪ የሚሰማሽ የለም። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ያለው ወዶ አይደለም።

3 ሺሁን ከነገ ጀምሮ አቁሚ ግን አልልሽም። እሱ በአንቺና በሴትዮዋ መካከል ያለ የቃል ነገር ነው፤ ሰላም የምትፈልጊ ከሆነ አስቢበት። የምልሽ፣ ከእንግዲህ በእጅ የሚሰጥ ሳንቲም አይኑር።

አከራይ ነኝ፦

ስድቡን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነው የምጽፈው። ጡረተኛ ነኝ። የጡረታዬ ገንዘብ ለመድኃኒት እንኳ አይበቃኝም። የሚያኖረኝ ያ ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባከራየሁበት ብር ያኔ የገዛሁትን ጤፍ ዛሬ አልገዛም። ሁሉም ሲጨምር «አንተ ብቻ ቁም» ስባል ያመኛል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ከተማው ጭማሪ በየጊዜው እየከለከለ ነበር፤ እሱም ሲራዘም፣ ሲራዘም ነው የከረመው። ይኼን ተከራይ የሆናችሁ እወቁልን።

ያን ወረቀት ግን አልወደድኩትም። ሰው ቡና ጠጥቶ እንዲህ አያደርግም።

ልጄ፣ ምክሬን ከሰማሽ መጀመሪያ አናግሪያቸው። ቢሮው ጭማሪ ሲፈቅድ በተፈቀደው መጠን እጨምራለሁ በያቸው። ለአከራይ ትልቁ ነገር ኪራዩ በቀኑ መግባቱ፣ ቤቱ በንጽሕና መያዙ ነው። አዲስ ተከራይ ፈልጎ ማምጣት ራሱ ወጪ ነው። ደላላ አለ፣ ቀለም አለ፣ ቤቱ ባዶ የሚቆምበት ወር አለ። ይኼን አስታውሻቸው።

የሰሚቷ፦

ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ አከራይ ቢገኝማ እዚህ ምን አስመጣን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ብቻዋን አታናግራቸው። ሰው ይዛ ትቀመጥ።

የዕድር ጸሐፊ፦

ልክ ነሽ። በእኛ ዕድር እንዲህ ያለ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይዘን ተቀምጠናል። አንዱ በግማሽ ሰዓት አለቀ። አከራይዋ መኝታ ቤቱ ሻግቷል ብላ ነበር የተቀየመችው፤ ገንዘቡን በኋላ ነው ያመጣችው። ሌላው ግን አልተሳካም። አከራዩ የሚበልጥ ዋጋ የሚከፍል ሰው ቃል ገብቶለት ነበር። እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ምንም አያደርግ።

የሽምግልና አደጋው ይሉኝታ ነው። ሽማግሌው «ተዉ፣ አንድ ሺህ ጨምሩና ታረቁ» ይላል። ሰው ፊት ስለሆነ እሺ ትያለሽ። ከመቀመጥሽ በፊት የማታልፊውን ቁጥር ከባለቤትሽ ጋር ወስኑ።

ባለ ሚኒባስ፦

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ነበር የተከራየሁት። አልወጣም ስል አከራዩ መብራት ቆረጠብኝ። ቀጥሎ ውኃ። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ በእጁ ነው። ፖሊስ ጠራሁ። የመጣው ልጅ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ወረዳ ሄጄ በጽሑፍ አመለከትኩ። ደብዳቤ ጻፉለት፣ መብራቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። በቃል ሦስት ጊዜ ሄጄ ምንም አልሆነም ነበር። በጽሑፍ ነው የሠራልኝ። ማመልከቻሽን ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ገቢ አድርጊ፣ ሌላው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቺ። ያቺ ቁጥር ወርቅ ናት።

ቁልፍ ሊቀይሩ ከመጡም ጩኸት አያስፈልግም። በስልክ ቅረጪ። ጎረቤት ጥሪ። ዕቃሽን ራስሽ እንዳታወጪ፤ በፈቃዷ ወጣች ይባላል።

ተከራይ ከጀሞ፦

ማመልከቻው ላይ ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም።

ፋይል አገላባጭ፦

አጭር አድርጊው። ልቅሶ አያስፈልገውም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በወረዳው የተመዘገበና እስከ ሰኔ 2018 የሚቆይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል አለኝ። አከራዬ ጥር 2017 ላይ ቤቱን በወሩ መጨረሻ እንድለቅ በቃል ነግረውኛል። ውዝፍ ኪራይ የለብኝም፤ የባንክ ማስረጃ አያይዣለሁ። ውሌ እንዲከበርልኝና ከሕግ ውጭ ከቤቱ እንዳልወጣ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ።»

የውሉን ኮፒ፣ የመታወቂያሽን ኮፒና የባንክ ደረሰኞቹን አያይዢ። ወረዳው ካልፈታው ፍርድ ቤት አለ። በኃይል ሊያስወጡሽ ከሆነ እግድ ይጠየቃል። ለጠበቃ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ያማክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አንድ ተንኮል ደግሞ አለ፤ ቀድመሽ እወቂው። አንዳንድ አከራይ የባንክ ሒሳቡን ይዘጋና ኪራይ አልቀበልም ይላል። ቀኑ ያልፋል። ከዚያ «አልከፈለችም» ይላል። ያኔ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ይቻላል። ቤት አስቀምጬለት ነበር ማለት ግን አይሠራም።

ሱቅ አለኝ፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ለሱቅም ይሠራል?

ፋይል አገላባጭ፦

አይሠራም ወንድሜ። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ የሚመራው በተፈራረማችሁት ውልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ከአዳማ፦

ክልል ላለነውስ?

ፋይል አገላባጭ፦

አዲስ አበባና ድሬዳዋ በቀጥታ ገብተዋል። የክልል ከተማ ላይ የሚወስነው ክልሉ ነው። ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ።

አዲስ ሙሽራ፦

እኔ ገና ቤት እየፈለግሁ ነው። ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ይለኛል። ይኼስ?

የሰሚቷ፦

ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም። «እንዲህ ካላደረግህ ቤቱ ያመልጥሃል» ይሉሃል፤ ብዙ ጊዜም ያመልጣል፣ አልዋሽህም። ካገኘህ ግን ውሉን በጽሑፍ አድርገው፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። አከራዩ እምቢ ካለ ራስህ ሄደህ ለወረዳው አሳውቅ። ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ ካሉህ ደግሞ ይቺን የጀሞዋን እህታችንን አስታውስ።

ተከራይ ከጀሞ፦

ተመልሼ መጣሁ። እንደምታስቡኝ ስለማውቅ ነው።

የጎረቤታችንን እናት ይዤ ትናንት ማታ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ማመልከቻው ተጽፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። ውሉ እስከ ሰኔ 2018 እንደሆነ፣ ቢሮው ጭማሪ ሲፈቅድ በተፈቀደው እንደምጨምር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። «አስተማሩሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። የጎረቤቴ እናት ግን «አንቺ፣ ይቺ ልጅ ብትወጣ ሦስት ወር ባዶ ቢቀመጥስ?» አሏቸው። ዝም አሉ።

ሦስት ሺሁን አንስቼ በእጅ ከእንግዲህ እንደማልሰጥ፣ ከፈለጉ ውሉን አብረን ሄደን እናስተካክለው አልኳቸው። «እስቲ ልጄን ላማክር» ብለዋል። እሱ ገና አልተቋጨም። ባለቤቴ ማመልከቻውን ለማንኛውም ገቢ እናድርገው ይላል፤ እኔ የልጃቸውን መልስ እስክሰማ ልጠብቅ ብያለሁ።

የየካቲቱን 14 ሺህ ግን ትተውታል። ያን ወረቀት መልሽልኝ አሉኝ፤ ሳልፈርም መለስኩላቸው። ፎቶውን አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ፋይል አገላባጭ፦

ፎቶውን ለባለቤትሽም ላኪለት። ስልክ ይጠፋል።