ቡሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር፦ የቃኘው ዘማች መቃብር እዚያ ይገኛል?

የጎንደሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት ለሥራ ሴኡል እሄዳለሁ። አንድ ነፃ ቀን ስላለኝ ቡሳን ወርጄ መካነ መቃብሩን ማየት አስቤያለሁ። የአያቴ ወንድም ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቶ እዚያው ኮሪያ ነው የወደቀው። መቃብሩን በስም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል? በአንድ ቀን ደርሶ መልስስ ይሆናል? አበባ ይዞ መግባት ይፈቀዳል?

ሻምበል_ባሻ፦
እህቴ፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ይህን እወቂ፤ ቡሳን ውስጥ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። በጦርነቱ ዘመን እዚያ ወደ 11,000 የሚጠጋ አስከሬን አርፎ ነበር። በኋላ ግን ሰባት አገሮች፣ ማለትም ቤልጂየም፣ ኮሎምቢያ፣ ኢትዮጵያ፣ ግሪክ፣ ሕንድ፣ ፊሊፒንስና ታይላንድ፣ የራሳቸውን በሙሉ ወደ አገራቸው መለሱ። የእኛዎቹ ያረፉት አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ዛሬ ቡሳን ያረፉት 2,300 ያህል ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚበዙት እንግሊዞችና ቱርኮች ናቸው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በመቃብር ረድፎች መሃል ሲንከራተት ይውላል።

እዚያ የምታገኚው ባንዲራችንን እና ስሙን ነው። ስሙ ያለው በ2006 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ነው፤ የ40,896 የሞቱና የጠፉ ወታደሮች ስም በ140 ሰሌዳ ተቀርጾበታል። አገሮቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናት።

ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» የሚሉት ስሞች ተጋጥመውም ተለያይተውም ሊጻፉ ይችላሉ። «ቀ»ንና «ጸ»ን ደግሞ እያንዳንዱ ጸሐፊ በመሰለው የላቲን ፊደል ነው የሚጽፋቸው። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ይዘሽ አትፈልጊ። የእኛ ሙታን ቁጥር 121 ወይም 122 ተብሎ ነው የሚጠቀሰው፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የአባቱን ስም ብቻ ሳይሆን የአያቱንም ስም ከቤተሰብ ጠይቀሽ ሂጂ፤ ተመሳሳይ ስም ሲያጋጥም የሚለየው እሱ ነው። ፎቶ ስታነሺ ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ድንጋዩ የተወለወለ ስለሆነ የራስሽ ጥላ ፊደሉን ይሸፍነዋል። ትንሽ ጎን ብለሽ አንሺው።

መንገደኛው፦
ደርሶ መልሱ ይሆናል፣ ግን በጠዋት ከተነሣሽ ብቻ ነው። ከሴኡል ጣቢያ ቡሳን ድረስ ፈጣኑ ባቡር (ኬቲኤክስ) ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ኤስአርቲ የሚባለው ሌላው ፈጣን ባቡር በአብዛኛው የሚነሣው ከሱሶ ጣቢያ ነው። ትኬቱን ሳያዩ ሴኡል ጣቢያ ሄደው የሚያመልጣቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥቅምት የቅጠል መርገፊያ ወቅት ስለሆነ የቅዳሜና እሑድ ወንበር ቶሎ ያልቃል።

ከቡሳን ጣቢያ ሜትሮ መስመር 1ን በኖፖ አቅጣጫ ይዘሽ ሶምዮን ላይ ትወርጃለሽ። እዚያ ወደ መስመር 2፣ የጃንግሳን አቅጣጫ ትቀይሪና ስድስተኛው ፌርማታ ዴዮን ነው፤ የጣቢያው ቁጥር 213። በመውጫ 3 ወጥተሽ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ከሴኡል የያዝሽው ቲመኒ የሚባለው የትራንስፖርት ካርድ ቡሳንም ይሠራል፤ ጣቢያ ውስጥ ባለው ማሽን ለመሙላት ግን ጥሬ ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ያዢ። ለእግር መንገዱ በጉግል ማፕ አትመኪ፤ ኮሪያ ውስጥ ደካማ ነው። ኔቨር ማፕ የሚባለውን የኮሪያ ካርታ መተግበሪያ ቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጫኚ።

አዜብ፦
መግቢያው በነፃ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በፈረንጆቹ ወር ከ9 እስከ 17 ሰዓት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም እስከ 18 ሰዓት ክፍት ነው። ይህ የኮሪያ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 11 መሆኑ ነው። ባንዲራ በየቀኑ በ10 ሰዓት ይሰቀላል፣ በ16 ሰዓት ይወርዳል። ከሴኡል በመጀመሪያዎቹ የማለዳ ባቡሮች ያልተነሣ ሰው መሰቀሉን አይደርስበትም፤ መውረዱን ግን አይቶ በማታው ባቡር ይመለሳል።

አንድ እቅፍ አበባ ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። በቡድን የአበባ ጉንጉን ለማኖር ከሆነ ግን አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ምግብ፣ ምንጣፍና የቤት እንስሳ ይዞ መግባት የለም፤ አለባበስም ጨዋ ይሁን። ኅዳር 11 (በፈረንጅ) በኮሪያ ሰዓት ከጠዋቱ በ11 ዓመታዊ የኅሊና ጸሎት ስላለ፣ ተረጋግቶ ስም ለመፈለግ ያን ቀን አትምረጪ።

ሻምበል_ባሻ፦
አንድ ቀን ብቻ ካለሽ፣ እኔ ብሆን ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችውን የቹንቾን ከተማን ነው የምመርጠው። ቃኘው የተዋጋው በዚያ አካባቢ ነው። በጎንግጂ ወንዝ ዳር ያለውን የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ናቸው በ1968 እ.ኤ.አ. ተገኝተው የመረቁት። ከፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው በእኛ ጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ ነው። ከዮንግሳን ወይም ከቾንግኛንግኒ በአይቲኤክስ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

የጎንደሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቹንቾን ከሄድኩ ስሙን ሳላየው ልመለስ ነው ማለት ነው?

መንገደኛው፦
አይደለም። ሴኡል ራሷ ውስጥ፣ ሳምጋክጂ ጣቢያ (መስመር 4 እና 6) አጠገብ ያለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም የሙታኑን ስም በየአገሩ ቀርጿል። ኢትዮጵያም አለች። ቹንቾንን ጠዋት ጨርሰሽ ከሰዓት በኋላ እዚያ ትደርሻለሽ። ሰኞ ግን ዝግ ነው።