ሐርላ ላይ ለመሥራት የምርምር ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ታውቃላችሁ?

ሳቢያኗ፦
አቦ እንዴት ናችሁ። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሁን የአርኪዮሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ የመመረቂያ ርዕስ በዚህ ወር አስገቡ ተብለናል። እኔ ሐርላ ላይ፣ ድሬ አጠገብ ያለው የድሮ ከተማ ፍርስራሽ ላይ፣ መሥራት ነው የምፈልገው። አያቴ ሐርላዎች፣ ድሮ እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች፣ ግዙፍ ነበሩ፣ ያን የሚያህል ድንጋይ በአንድ እጅ ነበር የሚያነሱት እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ትንሽ ትንሽ አምናታለሁ። ችግሬ ብር ነው። የምማርበት ቦታ የሚሰጠን ድጎማ ከፎቶኮፒና ከጥረዛ አያልፍም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ 25 ሺህ ዶላር ይላል፣ ደስ ብሎኝ ስከፍተው ለፒኤችዲ ብቻ ነው። አንዱ ጊዜው አልፏል። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰውዬ ደግሞ መጀመሪያ የመመዝገቢያ 3 ሺህ ብር ላኪ አለኝ። ለማስተርስ ተማሪ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለቁፋሮ የሚሆን ብር የሚሰጥ ድርጅት አለ?

ከዚራ ጥላ ሥር፦
በመጀመሪያ ያንን ሰውዬ ብሎክ አድርጊው። ብር ሊሰጥሽ ነው ወይስ ሊቀበልሽ?

25 ሺህ ዶላር ያልሽው የዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ነው መሰለኝ፣ ኒው ዮርክ ያለው። እሱ ለዶክትሬት ተማሪ የመስክ ሥራ ነው። ዜግነት አይመርጥም፣ በዓመት ሁለቴ ማመልከቻ ይቀበላል። ለአሁኑ ተይው፣ አድራሻውን ግን አታጥፊው። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሊኪ ፋውንዴሽን ነው። እነሱ የሚደግፉት የሰው ዘር አመጣጥ ጥናትን ነው። ሐርላ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ነው፤ መስጊዱ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተብሏል። ስለዚህ የፈለገ ጥሩ አድርገሽ ብትጽፊ እዚያ በር ላይ ነው የሚመልሱሽ። ርዕስሽ እዚሁ ድሬ ያለው የድንጋይ ዘመን ዋሻ፣ ፖርክ ኤፒክ፣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። እንዲያውም ባልድዊን የሚባል፣ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች የሚሆን ፌሎሺፕ አላቸው።

ለሐርላ የሚሆንሽ አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ነው። ናይሮቢ ያለውን የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ተቋምም እዪው። ብሩ ብዙ አይደለም፣ ግን ለጀማሪ የማይመች ብር አይደለም።

ዋሪያ፦
ሐርላ ቆፍረሽ ወርቅ ካገኘሽ እኛን እንዳትረሺን 😂 አጎቴ አርኪዮሎጂ የሚባለውን ትምህርት የሚያውቀው "ፈረንጆቹ ወርቅ የሚፈልጉበት" ብሎ ነው። ሠፈሩ ውስጥ ካሜራና መጥረጊያ ይዘሽ ስትገቢም ብዙው ሰው የሚያስበው ይኸንኑ ነው፣ ስለዚህ ቀድመሽ ሽማግሌዎቹን አናግሪ።

የግምጃ ቤት ሰው፦
ቅርስ ጥበቃ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ተቆጪኝ። አትቆፍሪ።

ያለ ፈቃድ መቆፈር እንደማይቻል ታውቂያለሽ፣ የቅርስ አዋጁን፣ 209/1992ን፣ አስተምረዋችኋል። ፈቃዱ ከፌዴራል ነው የሚመጣው፣ እሱ ቢገኝ እንኳ አንድ የማስተርስ ተማሪ በአንድ ክረምት የሚቆፍረውን ጉድጓድ ማን ይጠብቀዋል? የወጣውስ ዕቃ የት ይቀመጣል? ደግሞ መቆፈር ማለት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የሚመጣው፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቁጥር መጻፍ፣ መመዘን፣ ፎቶ ማንሳት። አንድ ቀን ጭቃ የነካው የሸክላ ስባሪ በጥርስ ብሩሽ ስናጥብ ውለን ማታ ስንቆጥር ገና ግማሽ ከረጢት ነበር የጨረስነው።

እዚሁ ደጃችን ያለውን ፖርክ ኤፒክን እዪው። ከድሬ ደቡብ ተራራው ላይ ያለው ዋሻ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ተቆፈረ፣ እንደገና በ1970ዎቹ አጋማሽ ተቆፈረ። ከዚያ የወጣው ቀይ አፈር፣ ማለትም ሰዎቹ ፈጭተው ቀለም የሚያደርጉት፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ኖረ። አርባ ዓመት! ከዚያ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ገብታ አንድ በአንድ አየችው። ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ። የትኛው ተፈጭቷል፣ የትኛው ተፍቋል፣ በየትኛው ድንጋይ ላይ ነው የተፈጨው፣ ይኼን ሁሉ አወጣችው። ዕድሜውም ወደ 40 ሺህ ዓመት ነው። ቁፋሮ የለ፣ አካፋ የለ። ሣጥን ከፍታ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ "እቆፍራለሁ" ከምትዪ "ተቆፍሮ የተቀመጠውን ይኼን ይኼን አጠናለሁ" በዪ። ሐርላ ላይ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፍሯል፣ የወጣው ዶቃና ዛጎል ብዙ ነው። ከግብፅ የመጣ ሳንቲም፣ ከቻይና የመጣ ሸክላ ሳይቀር አለ። ማስተርስ የሚሆን ጥያቄ እዚያ ውስጥ ሞልቷል።

ሳቢያኗ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ግን የሌላ ሰው ቁፋሮ ዕቃ ለእኔ ይሰጡኛል እንዴ? እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ነው የሚጠይቁት?

የግምጃ ቤት ሰው፦
አቦ አንተ በይኝ፣ ድሬ ላይ ደግሞ አንቱ ጀመርን?

ለቡድኑ መሪ ኢሜይል ጻፊ። አንድ ገጽ፣ ከዚያ አይበልጥ። "ሐርላን እወዳለሁ" አትበዪ፣ ሁሉም ይወዳል። የወጣውን ጽሑፋቸውን አንብቢና እነሱ ያልነኩትን አንድ ነገር አንስተሽ ጠይቂ። ለምሳሌ ዶቃው ቀዳዳው ላይ የክር መፋቅ አለው ወይ? ካለው ተለብሷል፣ ከሌለው እዚያው ተሠርቶ ሳይሸጥ የቀረ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልግሽ ጥሩ ማጉያ፣ ካሜራና ትዕግሥት ነው። ናሙና ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይሄዳል ካልሽ ግን የመውጫ ፈቃድ ሌላ ጣጣ ነው፣ ለማስተርስ ባታስገቢው ይሻልሻል።

በጀት ላይ ደግሞ "ልዩ ልዩ ወጪ" የምትል መስመር እንዳትጽፊ። እኔ በወጣትነቴ አንዴ ጽፌያት፣ ገምጋሚው አክብቦባት ከጎኗ ሦስት የጥያቄ ምልክት አድርጎ መለሰልኝ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።

ጀጎል በር፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ዕቃው መጠናቱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷ እዚህ ሆና ለማጉያ መነጽር ስትለምን ልትኖር ነው? የአውሮፓ ኅብረት ለሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ለኢራስመስ ሙንደስ፣ ታመልክት። የተመረጠ ሰው ትምህርቱን በነፃ ይማራል፣ በላዩ በወር 1400 ዩሮ ለሁለት ዓመት ያገኛል። ቅድመ ታሪክና ቅርስ ላይ የሚሰጡ ማስተርሶች አሉ። እኔ ሐረር ሆኜ አመልክቼ ነበር። ያልተሳካልኝ በእኔ ጥፋት አይደለም፣ ምስክርነት ሊጽፍልኝ ቃል የገባው አስተማሪ በመጨረሻው ቀን ስልኩን አጥፍቶ ለሠርግ ገጠር ገባ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲስተሙ ሲዘጋ እያየሁ ነው የተኛሁት። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ጻፊ ከተባልሽው ኢሜይል በፊት የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፍልሽን ሰው ቀድመሽ ያዢ፣ የሚጠየቀው ሁለት ከሆነ ሦስት ያዢ።

ከዚራ ጥላ ሥር፦
ጀጎል፣ ማስተርስ ጀምራለች እኮ ትላለች። አቋርጣ እንደገና ማስተርስ ልትጀምር ነው? ይኼኛውን በዶቃው ትጨርስና የውጭውን ለፒኤችዲ ታድርገው። ያኔ ለዌነር ግሬን የምታሳየው ሥራ ይኖራታል።

ጀጎል በር፦
እሺ እሱን አላነበብኩትም። የደብዳቤውን ነገር ግን ያዢልኝ።

ሳቢያኗ፦
ይዤዋለሁ 😅 ርዕሱን ወደ ዶቃው ቀየርኩት። ኢሜይሉን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። የበጀቱን ረቂቅ ነገ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ጨክናችሁ እዩልኝ። ደግሞ ወደ ሐርላ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ስንት ብዬ ልጻፍ? ሩቅ አይደለም፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዋሪያ፦
እንደ ሾፌሩ ነው። "ለምርምር ነው" ካልሽው እጥፍ ነው የሚልሽ፣ አያቴ ጋ ነው የምሄደው በዪው።