ጥቆማ፦ ከ4,500 ዙር በላይ የምትንተፋተፍ አሮጌ ፊያት፣ ጎጃም ውስጥ ማን ይያት?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦ የ1974 (እ.ኤ.አ.) ፊያት 124 ስፓይደር አለችኝ። ከተማ ውስጥ እንከን የላትም። ሞተሯ በደቂቃ ከ4,500 ዙር ስታልፍ ግን ትንተፋተፋለች፣ ጉልበቷም ይከዳታል። አንድ ጋራዥ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶሯ ይቀየር ብሎኛል። ማን ጋ ልውሰዳት?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ፣ ካርቡራቶሯን አታስነካ። እኔ አስነክቼ ኪሴን አራግፌ ነው የተመለስሁት።

በኮምፒውተር የሚመረምሩትን እለፋቸው። ለአዳዲሶቹ ቶዮታዎች ጎበዞች ናቸው፤ ያንተዋ ግን ገመዱ የሚሰካበት ቦታ እንኳ የላትም። የእኔን ያየው ልጅ ከመሪው ሥር ተጋድሞ ግማሽ ሰዓት መሰኪያ ሲፈልግ ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ወጣ። አንተ የሚያስፈልግህ ፑንቲና፣ ማለትም የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ሲያስተካክል ያረጀ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ የድሮ ላንድሮቨር ወይም ፊያት ቆሞ ካየህ እዚያ ግባ።

እኔን ያዳኑኝ አዛውንት መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያጣችው ነዳጅ ነው ወይስ እሳት?» ብለው ነው። ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ቦታ ፈልገን፣ በሦስተኛ ማርሽ መንተፋተፍ ስትጀምር ፍሪሲዮን ረግጬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አልነቀልሁም። ዳር ይዘን ስንቆም ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትተው ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው። ነጭ ቢሆኑ ኖሮ ነዳጅ አንሷታል ማለት ነበር። የእኔዎቹ ጠቁረዋል፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ መጠነኛ ጥቁረት ብዙም አያስደነግጥም። ነገር ግን እርጥብ ነበሩ፣ ቤንዚን ቤንዚንም ይሸቱ ነበር። ነዳጁ ደርሶ ሳይነድ ቀርቷል።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል እሳት ይበቃዋል፤ በ6,000 ዙር 200 ጊዜ ይፈልጋል። የፑንቲናው ክፍተት ከሰፋ ለካንዴላ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ኮይል የሚሞላበት ጊዜ ያጥረዋል። ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲመልሱት ግማሹ በሽታ ለቀቃት። የቀረው የፑንቲናው ሞላ ነበር፤ ከመላላቱ የተነሳ በፍጥነት መዝጋት አቅቶታል።

ዕቃን በተመለከተ፦ ለኮይል ሰማያዊው ቦሽ፣ ለካንዴላ ኤንጂኬ፤ አስመስሎ የተሠራ ስላለ ማሸጊያውን አገላብጠህ እይ። የፑንቲናውን ጫፍ ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰር ግን አሮጌው እየሠራ ከሆነ አትጣለው፤ አዲስ ገዝቼ ሁለት ሳምንት አልቆየልኝም። ፑንቲናን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ በከፍተኛ ዙር ይበልጣል፣ አልክድም። ዓባይ በረሃ ላይ ቢሞትብህ ግን የሚጠግነው የለም፤ ፑንቲና በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎም ቤት ያደርሳል።

ሌላ መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ሆኖም ነዳጁን ሳያጣሩ መደምደም አይገባም። እኔ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን እገዛ ነበር። ፊልትሮውን ነጭ ሳህን ላይ ብገለብጠው ቀይ ዝገት እንደ በርበሬ ተበተነ። ደግሞ ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን እያስጮህህ ተመልከት፤ እሳት የሚያሾልክ ገመድ ራሱን ያሳያል።

ጠያቂ፦ ማታ አየኋት። ከኮይሉ በሚወጣው ወፍራም ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይጫወታል። ይህ ገመድ የት ይገኛል?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እዚህ አትድከም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ አሮጌውን ገመድ ለናሙና አስይዘህ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላከው።